ለመምህራን የሚሰጠው የሥርዓተ ጾታ ስልጠና፦ ወስጄ ያየሁት

ፍርዴን ከላይ ልናገር። ስልጠናው ይጠቅማል። ዕድሉን ካገኛችሁ ውሰዱት። ግን ርዕሰ መምህራችሁን ሳትይዙ አትሂዱ፤ መስከረም ላይ ክፍላችሁ ድረስ መጥቶ የሚያያችሁ ሰው መኖሩንም ሳትጠይቁ አትመዝገቡ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የቀረውን አንድ ተኩል ለምን እንደያዝኩበት እየሄድኩ እነግራችኋለሁ።

የማወራው ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ስለወሰድነው ስልጠና ነው። ከመንግሥትም ከግልም ትምህርት ቤት የመጣን መምህራን ነበርን። ኬጂ የምናስተምር አለን፣ ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን) የያዙ አሉ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምሩም አሉ። አዘጋጁን በስም አልጠራም። የማነሳቸው ጉድለቶች የእሱ ብቻ አይደሉም፤ ከሌላ አዘጋጅ የወሰዱ ባልደረቦቼም ሲያወሩ የምሰማው ያንኑ ነው።

ስለ ይዘቱ ትንሽ ልበል። መነሻው ፋዌ ያዘጋጀው የማስተማር ዘዴ ነው። ፋዌ ማለት የአፍሪካ ሴት የትምህርት ባለሙያዎች መድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አምስት አፍሪካውያን ሴት የትምህርት ሚኒስትሮች መሠረቱት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ሲሆን እዚህም አገር ቅርንጫፍ አለው። ዘዴውን ለመምህራን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2019 ደግሞ ቪቪኦቢ ከሚባል የቤልጂየም ድርጅት ጋር ሆኖ ለቅድመ አንደኛ የሚሆን አዘጋጀ። ሐሳቡ ውስብስብ አይደለም። የዕለት ትምህርት እቅድህን ስትጽፍ፣ መርጃ መሣሪያ ስትመርጥ፣ ስትናገር፣ ልጆቹን ስታስቀምጥ፣ ስትጠይቅና ስታመሰግን ሴቷም ወንዱም እኩል ይደርሳቸዋል ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ ነው የሚለው። ከዚያ የጉርምስና ለውጥና የወር አበባ፣ ጾታዊ ትንኮሳ፣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይከተላሉ።

የመጀመሪያው ቀን አሰልቺ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35፣ አዲሱ ፖሊሲ፣ ከዚያ ትርጉም፣ ከትርጉም በኋላ ሌላ ትርጉም። አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸውና ከጎጂ ባህል ተጽእኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ መምህር ይህን ማወቅ አለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን አንድ ሙሉ ቀን ፕሮጀክተር ላይ ማንበብ አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አትሞ መስጠት ይበቃ ነበር። የባከነው ሰዓት ኋላ ላይ የት እንዳስፈለገን ታያላችሁ።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ። ስልጠናው ውስጥ እንደ ወርቅ የቆጠርኩት የክፍል ምልከታው ነው። አዘጋጆቹ የክረምት ማጠናከሪያ የሚሰጥበት አንድ ትምህርት ቤት አስፈቅደው ሁለተኛ ክፍል አስገቡን። ከመካከላችን አንዲት መምህርት ፈቃደኛ ሆና ታስተምራለች፤ እኛ ከኋላ ቁጭ ብለን እናያለን። ለእያንዳንዳችን የዴስኮቹ አቀማመጥ የተሳለበት ወረቀት ተሰጥቶናል። መምህሯ ልጅ በጠራች ቁጥር በዚያ ልጅ ቦታ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ለጥያቄ ከሆነ ጭረት፣ ለመላላክና ለሥራ ከሆነ ክብ። ሌላ ምንም የለውም። እርሳስና ወረቀት ብቻ።

መምህሯ ጎበዝ ናት። ብዙ ዓመት ያስተማረች፣ ድምጿ ልጅ የሚያረጋጋ፣ ሰሌዳ አጻጻፏ የሚያስቀና። ትምህርቱ መቀነስ ነበር። ጥያቄ ስትጠይቅ ወንዶቹ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» እያሉ ከዴስኩ ግማሽ አካላቸው ይወጣል። ሴቶቹም እጅ ያወጣሉ፤ ግን ክርናቸውን ዴስኩ ላይ አስደግፈው ጣታቸውን ብቻ ቀና ያደርጋሉ። መምህሯ የምትጠራው የሚጮኸውን ነው። ማን አይጠራም? ከዚያ «እስኪ አንቺ ሰሌዳውን አጥፊልኝ»፣ «አንቺ ደብተር ሰብስቢልኝ»፣ «ጠመኔ ከቢሮ አምጪልኝ»።

ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን ስንዘረጋቸው የሁላችንም አንድ ዓይነት ሆነ። ጭረቱ በብዛት ከፊትና ከመሀል ረድፍ፣ ወንዶቹ ጋ። ክቡ በሙሉ ማለት ይቻላል ሴቶቹ ጋ። መጨረሻ ረድፍ ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ያልተደረገባቸው ልጆች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አንድ ሌላ ነገርም ታየ። ወንድ ሲመልስ «ጎበዝ! እንዴት አገኘኸው? ለጓደኞችህ አስረዳቸው» ይባላል። ሴት ስትመልስ «ጎበዝ፣ ጽሑፍሽም ያምራል» ትባልና ትቀመጣለች። አንዱ ስለ አሳቡ ይጠየቃል፣ አንዷ ስለ ንጽሕናዋ ትመሰገናለች።

መምህሯ ወረቀቱን አይታ ደነገጠች። «እኔ እኮ ሴቶቹን አብልጬ ነው የምወዳቸው!» አለች። አሰልጣኟ ያለችው ትዝ ይለኛል፦ «እሱማ ፍቅርሽ ያስታውቃል እህቴ። የጎደላቸው ፍቅር አይደለም፣ ጥያቄ ነው።» ማንንም አላሳፈረችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። ይህ የአሰልጣኟ ችሎታ ነው፤ ለእሱ ብቻ ግማሽ ኮከብ ይገባታል።

ከዚያ መፍትሔው መጣ፣ እሱም ወጪ የለውም። አንደኛው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚታገሱት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳየች። ይህ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሱ ይረዝማል፣ እጅ የሚያወጣውም ልጅ ይበዛል። ሦስት ሰከንድ ቀላል ይመስላል። ክፍል ፊት ቆማችሁ ሞክሩትና እዩ፣ በጣም ረጅም ነው! ሌላው የልጆቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጣሳ ውስጥ ከቶ ከዚያ እያወጡ መጥራት ነው። በማግስቱ ያቺው መምህርት እነዚያኑ ልጆች በዚህ መንገድ አስተማረች። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ትንሽ ልጅ ስሟ ወጣ። ተነሳች፣ ጣሪያውን አየች፣ ጣቷን እየቆጠረች ቆየች፤ ሁላችንም ከኋላ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። መልሱን በትክክል ተናገረች። ቀን ሙሉ ሳትጠራ ወደ ቤቷ ልትሄድ የነበረች ልጅ ናት።

ይህን ክፍል ለማንኛውም መምህር እመክራለሁ። ስልጠናውን ባታገኙ እንኳ ባልደረባችሁን ወረቀትና እርሳስ አስይዛችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ አስቆጥሩ።

የኬጂው ክፍል ይዘቱ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱ ግን አነሰ። ከመላው ስልጠና ለእኛ የደረሰን ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። አሰልጣኟ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጠቀሰችልን። የአምስት ዓመት ልጆች «በጣም በጣም ጎበዝ» ስለሆነ ሰው ሲነገራቸው ሴቶቹም ወንዶቹም የየራሳቸውን ጾታ ይመርጣሉ። ስድስት ዓመት ላይ ሲደርሱ ግን ሴቶቹ የራሳቸውን ጾታ መምረጥ ይቀንሳሉ። «ይህ ጨዋታ በጣም ለጎበዝ ልጆች ነው» የተባለውንም ጨዋታ መሸሽ ይጀምራሉ። ስድስት ዓመት! የእኛ ኦ ክፍል ማለት እኮ ነው። አዲሱ 2-6-2-4 መዋቅር ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ አስገብቶታል፤ እንግዲህ እነዚያ ሁለት ዓመታት ስንት ነገር የሚወሰንባቸው እንደሆኑ አስቡት። ስልጠናው ግን አብዛኛውን ሰዓቱን አራተኛና ከዚያ በላይ ላሉ ክፍሎች ሰጠው።

በዚያች አጭር ሰዓት የተማርነው ስለ መጫወቻ ጥጎች ነበር። ብዙ ኬጂ ውስጥ የቤት ጥግና የግንባታ ጥግ አለ። የቤት ጥጉ ድስት፣ ሲኒ፣ ትንሽ ጀበና፣ አሻንጉሊት ይዟል። የግንባታው ብሎክ፣ መኪና፣ መዶሻ። በመካከላቸው መደርደሪያ ይቆማል። ሴቶቹ እቃቃ ይጫወታሉ፣ ወንዶቹ ፎቅ ይሠራሉ፣ ማንም ሳያዛቸው። አሰልጣኟ ያለችው መደርደሪያውን አንሱት ብቻ ነው። ልጅ አታስገድዱ፣ ስብከትም አያስፈልግም፣ ሁለቱን ጥጎች አገናኙ።

አብራኝ የሰለጠነች አንዲት ባልደረባዬ መስከረም ላይ ይህንኑ አደረገች፤ ሄጄ አየሁት። ብሎኩ ወደ ቤት ጥግ ፈለሰ። ሴቶቹ ለሲኒዎቹ ባለ ሦስት እርከን ረከቦት ሠሩ፤ ሲወድቅባቸው እንደገና ሠሩ፣ ሲወድቅ ከሥር ሰፊውን ብሎክ አደረጉ። አንድ ልጅ ደግሞ ጀበናውን ይዞ «ቡና ደረሰ!» እያለ ይዞራል። ሌላው «የሴት ሥራ ነው!» ብሎ ሲጮህበት «አባቴም ያፈላል» ብሎት አለፈ። ባልደረባዬ ጣልቃ አልገባችም። መግባትም አልነበረባትም።

ስለ ባህል የተነሳው ክርክር ሌላው ጠቃሚ ነገር ነው። አንድ አንጋፋ መምህር እጃቸውን አውጥተው፣ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቡሄ ላይ ወንዶቹ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ እንቁጣጣሽ ላይ ሴቶቹ አደይ ይዘው ይጨፍራሉ። ይሄም ይቅር ልትይን ነው?» አሏት። ቤቱ አጨበጨበ። አሰልጣኟ ሳትቆጣ «ኧረ መምህር፣ ማን ይቅር አለ! ባህሉ ያምራል። እኔ የምለው ክፍል ውስጥ ግጥሙንም ዜማውንም ሁሉም ልጅ ይማረው፣ ታሪኩንም ሁሉም ይወቀው ነው። በዓሉ ላይ እንደ ወጉ ይጨፍሩ» አለች። እሳቸውም «እንዲህማ ከሆነ ተስማምተናል» ብለው ተቀመጡ። መልሱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ወላጅ ኬጂ ድረስ መጥቶ የሚጣላን ባህላችንን ልትነጥቁን ነው ብሎ ሲፈራ ነው፤ ከወላጅ ጋር ተጣልቶ ደግሞ ምንም ሥራ አይሠራም።

የወር አበባ ክፍለ ጊዜው ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ቁጭ ብለን የተማርነው ነው። መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ለማሳያ የቀረበው ታጥቦ የሚያገለግለው የማርያም ሰባ ፓድ ነበር፤ መቀሌ ላይ ፋብሪካውን ያቋቋመችውና እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተሸለመችው የፍሬወይኒ መብራህቱ ሥራ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ አንድ ወጣት መምህር ያነሳው ጥያቄ ጨዋታውን ቀየረው። እነሱ ትምህርት ቤት ፓድ አለ፣ ግን የሚቀመጠው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ወንድ ናቸው። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ቢሮ አንኳኩታ ምን ብላ ትጠይቅ? እቃው አለ፣ ሪፖርት ላይም ተጽፏል፣ ልጆቹ ግን አይጠቀሙበትም። መፍትሔውን እዚያው አገኙት፦ ሴት መምህራን ጋ አድርጉት፣ ወይ ሴቶቹ መጸዳጃ ውስጥ ሳጥን ይሰቀል፣ ማን ወሰደ ብሎ የሚመዘግብ ሰው አይኑር። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ውሃ ይኑር። ወንዶቹም ልጆች እንዳይሳለቁ ትምህርቱን አብረው ይማሩት።

እስካሁን አሞገስኩ። አሁን የያዝኩትን አንድ ተኩል ኮከብ ልቁጠር።

ትልቁ ቅሬታዬ ክትትል የለም። ስልጠናው አልቆ የምስክር ወረቀት ወሰድን፣ ፎቶ ተነሳን፣ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ግሩፑ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶ ተለቀቀ፣ ከዚያ የበዓል እንኳን አደረሳችሁ ብቻ ሆነ። ክፍላችን መጥቶ «እስኪ ያንን ወረቀት አብረን እንሙላ» ያለን ሰው የለም። ልማድ በአዳራሽ አይለወጥም። መምህር ስልሳ ልጅ ፊት ሲቆም፣ ደወል ሊደወል ሲል፣ ምዕራፍ ሳይጨርስ ሲቀር ወደ ለመደው ይመለሳል፤ የሚጮኸውን ይጠራና ይቀጥላል። ይህ የመምህሩ ክፋት አይደለም። ለዚህ ነው አይቶ የሚመልሰው ሰው የሚያስፈልገው። መምህር በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ሲፒዲ መሥራት ይጠበቅበታል፤ ክትትሉን እዚያ ውስጥ አስገብቶ ባልደረባ ባልደረባውን እንዲያይ ማድረግ ብር አይጠይቅም። አዘጋጁ ይህን ከርዕሳነ መምህራን ጋር ተነጋግሮ ቢጨርስ ኖሮ አራት ኮከብ እሰጠው ነበር።

ርዕሳነ መምህራን ካልኩ ዘንዳ። የጥሪ ደብዳቤው «አንድ አመራር ይገኝ» ይላል። የመጡት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ከመጡትም መክፈቻው ላይ ታይተው የሄዱ አሉ። ውጤቱ ምንድነው? ተመልሰን የጽዳት ተራውን እንቀይር አልን። ብዙ ትምህርት ቤት እንደሚደረገው እኛም ጋ ሴቶቹ ይጠርጋሉ፣ ወንዶቹ ዴስክ ያነሳሉ፣ ዴስኩ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ተነስቶ ስለሚያልቅ ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ይወርዳሉ። ሴቶቹ አቧራውን ጨርሰው ሲወጡ የእረፍት ሰዓቱ አልቋል። ተራው በዴስክ ረድፍ ይሁን፣ የረድፉ ልጅ ሁሉ ይጥረግ፣ ሁሉ ያንሳ ነው ያልነው። የተሰጠን መልስ «ጥሩ ነው፣ በፕሮግራም ይዘን እናየዋለን» ነበር። እስካሁን እየታየ ነው። ስልጠናውን አብሮን የወሰደ አመራር ቢኖር ይህ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ቋንቋው። የተሰጠን ጥራዝ በእንግሊዝኛ ነው። የኬጂ መምህርት ልጆቿን በአማርኛ ታስተምራለች፣ እቅዷን በአማርኛ ትጽፋለች፣ ስልጠናውን ግን በእንግሊዝኛ አንብቢ ትባላለች። አጠገቤ የነበረችው መምህርት ጥራዙን ገልጣ አየት አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ የወጣ አይመስለኝም። ሌላም ጉዳት አለው። ከውጭ የመጣው ጥራዝ የእኛ አነጋገር ላይ የሚታየውን አያውቅም። እኛ ሰሌዳ ላይ «አስላ»፣ «ግለጽ»፣ «ሳል» ብለን ነው የምንጽፈው፤ ሴቶቹ በወንድ አንቀጽ እየታዘዙ ያድጋሉ። «አስሉ»፣ «ግለጹ» ብሎ መጻፍ እኮ አንድ ፊደል መለወጥ ነው። ይህን ያነሱት ተሳታፊዎች ናቸው፤ ስልጠናው ላይ አልነበረም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያስተምር ሰው በየቋንቋው የተዘጋጀ ጥራዝ ይገባዋል።

ጾታዊ ትንኮሳን የሚመለከተው ክፍል ግን በጣም አሳዝኖኛል። የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ሰዓት፣ ሰው ታክሲ ሰልፍ እያሰበ። ቶሎ ቶሎ ተነቦ አለፈ። ይህ በመምህር ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የከበደው ነገር ነው። አንዲት ልጅ መጥታ የሆነ ነገር ብትነግረኝ በዚያች ደቂቃ ምን እላታለሁ? ለማን እናገራለሁ? ስሟ ሰፈር ውስጥ እንዳይወራ እንዴት አደርጋለሁ? የተነገረበት ሰው ባልደረባዬ ቢሆንስ? ልጅ ቀርባ የምትነግረው አንድ ጊዜ ነው፤ የሰማት ሰው ከተደናገጠ ወይም «እርግጠኛ ነሽ?» ካላት ዳግመኛ አትናገርም። ይህን በተግባር፣ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ አንዱ ልጅ አንዱ መምህር ሆኖ መለማመድ ነበረብን። የመጀመሪያው ቀን ትርጉም ላይ የባከነው ሰዓት እዚህ ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ኮከብ የወሰድኩት በዚህና በክትትሉ ነው።

ሳይነሱ የቀሩም አሉ። አንደኛው እኛው መምህራኑ ነን። ኬጂና ዝቅተኛ ክፍል የምናስተምረው አብዛኞቻችን ሴቶች ነን፣ ብዙዎቻችንም ልጆች ፊት «እኔ ሂሳብ ድሮም አልወድም» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሴት መምህራንን አየ። መምህሯ ሂሳብ የሚያስፈራት ከሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ሴት ተማሪዎቿ «ሂሳብ የወንድ ነው» ወደ ማለት ያዘነብላሉ፤ እንዲያ ያሉት ልጆች የሂሳብ ውጤታቸውም ዝቅ ይላል። ወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። ዓመቱ ሲጀመርም አልነበረም። ስለዚህ ለኬጂ መምህርት ሂሳብ በድፍረት የምታስተምርበትን መንገድ ማሳየት ራሱ የእኩልነት ስልጠና ነው። ሁለተኛው ወንድ መምህራን ኬጂ ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ልጅ አፍንጫ የሚያብስ፣ ተረት የሚያነብ፣ ጫማ የሚያስር ወንድ ሳያዩ ያደጉ ወንዶች እንክብካቤ የእነሱ ጉዳይ እንዳልሆነ ይማራሉ። እዚህ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስለ አበሉና ምሳው ለምትጠይቁኝ፦ ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ስልጠናው በነጻ ነው፣ የትራንስፖርት አበል ይሰጣል፣ በጊዜው ተከፍሏል። ምሳው ጥሩ ነው፣ የጾም ምግብ አለ። አዳራሹ ጠበብ ይላል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ስላይዱን አያነብም። ትንሽ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ማረፊያ የላትም። አንዲት ባልደረባችን የምታጠባውን ልጇን ይዛ ኮሪደር ላይ ነበረች፤ በዚህ ርዕስ ላይ በሚሰጥ ስልጠና ይህ መታሰብ ነበረበት።

ትምህርት ቤታችሁ ሊመዘግባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ የምትጠይቋቸውን ልጻፍላችሁ። እውነተኛ ልጆች ያሉበት ክፍል ገብተን እናያለን ወይ? ጥራዙ በምናስተምርበት ቋንቋ ነው ወይ? ለኬጂ የተመደበው ሰዓት ስንት ነው? መስከረም ላይ ማን ይመጣል? ርዕሰ መምህሩ እስከ መጨረሻው ይቀመጣሉ ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «የለም» ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጥራዙን አውርዳችሁ አንብቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአዘጋጆቹ። በሚቀጥለው ዙር ሞግዚቶቹን ጥሯቸው። ኬጂ ውስጥ ልጅ ሲያለቅስ የምታባብለው፣ ሽንት ቤት የምትወስደው፣ ምሳ የምታበላው፣ ከሰዓት የምታስተኛው ሞግዚቷ ናት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚባለውም፣ «እግርሽን ሰብስቢ» የሚባለውም እዚያ ነው፣ መምህሯ በሌለችበት። ልጁ የሆነ ሰው ነካኝ ብሎ የሚናገረውም ልብሱን ለምትቀይርለት ሰው ነው። እኛ ትምህርት ቤት ያሉት ሞግዚቶች ስልጠና የሚባል ነገር ተጠርተው አያውቁም። የተማርኩትን በምሳ ሰዓት ቁጭ ብለን ሳወራላቸው ከእኔ ባልደረቦች ይበልጥ ጥያቄ የጠየቁኝ እነሱ ናቸው፤ አንዷማ የልጆቹን የእንቅልፍ ቦታ እሷው ራሷ ቀየረችው፤ ከዚያ በፊት ወንዶቹ መስኮት ጋ፣ ሴቶቹ በር ጋ ነበሩ። ቀኑ የሚቆረጠው ደግሞ እነሱን ልጆቹን ከሚጠብቁበት በማያስቀር ሰዓት ቢሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ይመቻቸዋል።